አርኦቲሲ ምንድን ነው? ስኮላርሺፕ ተብሎ የሚሰጥ ቀብድ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ወረድ ብላ ባለች ካፌ ተቀምጬ ሳለ የግቢያችን እትዬ መጡና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ልጃቸው ከሜሪላንድ የላከችው መልእክት ነው፦ «እማዬ፣ ልጁ አርኦቲሲ አገኘ! ሙሉ ስኮላርሺፕ! እልል በይ!» እትዬ ግን እልልታው አልመጣላቸውም። «ስደውልላት መኮንን ያደርጉታል አለችኝ። ልጁን ሊያዘምቱት ነው እንዴ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አጠገባችን ጭማቂ የሚጠጡ ሁለት የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ደግሞ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለውን ሳነብ ሰምተው ወንበራቸውን ወደኛ አዞሩ። «ጋሼ፣ የት ነው የሚሞላው?»

እትዬ የሰሙት መርዶ ነው፣ ልጆቹ የሰሙት ዲቪ።

የእትዬ ድንጋጤ ምክንያት አለው። ታናሽ ወንድማቸው በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ያን ዓመት መንግሥት ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥቶ ብላቴ ማሠልጠኛ አስገባቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ደርግ ወደቀና ብዙዎቹ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ። ያን ያየ ሰው «ተማሪ» እና «ወታደር» የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲጠሩ ቢበረግግ አይፈረድበትም። አርኦቲሲ ግን ብላቴ አይደለም። ማንንም ከክፍሉ የሚጎትት የለም፤ ተማሪው ራሱ በእግሩ ሄዶ፣ ውሉን አንብቦ የሚፈርመው ነገር ነው። (አንብቦ የሚለው ላይ እመለሳለሁ።)

ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ነው፤ በአማርኛ «የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ ኮር» ብንለው ያስኬዳል። አሜሪካኖቹ ፊደል መቁጠር ሲሰለቻቸው «ሮትሲ» ይሉታል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን የሚሰጥ የመኮንንነት ሥልጠና ነው። ልጁ ነርስነት ያጥና፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ታሪክ፣ ዲግሪው የራሱ ነው። በተመረቀ ጊዜ ግን ከዲግሪው ጋር የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ትከሻው ላይ ይደረግለታል።

እኛ አገር መኮንን የሚወጣበት መንገድ ከዚህ የተለየ ስለሆነ ነገሩ ቶሎ አይገባንም። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትም ሆነ በኋላ በሕንድ መኮንኖች የተደራጀው የሐረር አካዳሚ፣ ወጣቱን ከቤቱ አውጥተው ካምፕ አስገብተው ነው መኮንን የሚያደርጉት። ዛሬም በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉት ኮሌጆች የሚማር ልጅ ኮሌጁ ራሱ የጦሩ ነው። አሜሪካም እንዲህ ያለ ቤት አላት፤ እኤአ ከ1802 ጀምሮ ያለው ዌስት ፖይንት ነው። ነገር ግን ለምድር ጦሩ አብዛኞቹን አዳዲስ መኮንኖች የሚያወጣው ዌስት ፖይንት ሳይሆን አርኦቲሲ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከድሮ ስጋት ነው። መኮንኑ ሁሉ ከአንድ ግቢ ከወጣ ከሕዝቡ የተለየ ጎሣ ይሆናል የሚል ስጋት። እኤአ በ1819 አልደን ፓርትሪጅ የተባለ፣ በዌስት ፖይንት ያስተማረ መኮንን ቬርሞንት ውስጥ ዛሬ ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲቪሉን ትምህርትና የጦር ሥልጠናውን አንድ ላይ ማስተማር ጀመረ። በ1862 የወጣው ሕግ ደግሞ ለክፍላተ አገሩ መሬት ሰጥቶ ኮሌጅ ሲያቋቁም ከእርሻና ከመካኒክ ጋር የጦር ስልትም ይሰጥ አለ። አርኦቲሲ በዚህ ስሙ የተቋቋመው በ1916 ነው፤ የምድር ጦሩ ስኮላርሺፕ የመጣው ግን በ1964 በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ ቬትናም መጣችና ነገሩ ተበላሸ። ስድስት ኪሎ «መሬት ለአራሹ» በሚባልበት በዚያው ዘመን የአሜሪካ ተማሪዎች አርኦቲሲ ከግቢያችን ይውጣ ይሉ ነበር፤ በሜይ 1970 ኦሃዮ ውስጥ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረው የአርኦቲሲ ሕንፃ ተቃጥሏል። ሃርቫርድም ያኔ አስወጥቶ የባሕር ኃይሉን ፕሮግራም መልሶ የተቀበለው በ2011 ነው።

ከዚህ መንገድ የወጣ ታዋቂ ሰው ጥራ ብባል ኮሊን ፓወልን እጠራለሁ። ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ልጅ፣ ኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ጂኦሎጂ ያጠና ተማሪ ነበር። በ1958 ከአርኦቲሲ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ፤ በ1989 የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሞች ሊቀ መንበር፣ በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ይህን ስነግራቸው እትዬ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ጄኔራል የሚለው ቃል ለእናት ጆሮ ይጥማል።

«ታዲያ ሲማር ምን ሲያደርግ ነው የሚውለው?» እንደማንኛውም ተማሪ ክፍል ይገባል። ልዩነቱ በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ከንጋቱ በፊት ተነስቶ ስፖርት ይሠራል፣ የጦር ሳይንስ የሚባል አንድ ኮርስ ይወስዳል፣ በሳምንት አንድ ቀን የደንብ ልብስ ለብሶ ተግባራዊ ሥልጠና ያደርጋል፣ አልፎ አልፎ ቅዳሜና እሁዱን ጫካ ያሳልፋል። ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ክረምቱን ኬንታኪ፣ ፎርት ኖክስ ወርዶ አምስት ሳምንት ገደማ ይፈተናል። ተማሪ ሳለ ጦር ሜዳ አይላክም። ከተመረቀ በኋላ ግን መኮንን ነው፣ ያዘዙት ቦታ ይሄዳል። ይህን ለእትዬ አልሸሸግኩም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በምድር ጦሩ ስኮላርሺፕ መንግሥት የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ተማሪው ከፈለገ በዚያ ምትክ ለምግብና ለመኝታ እንዲውልለት መምረጥ ይችላል። ለመጽሐፍ በዓመት 1,200 ዶላር፣ ለኪስ ደግሞ ትምህርት ባለባቸው ወራት በወር 420 ዶላር ያገኛል። የአሜሪካን የኮሌጅ ክፍያ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

እኔ ግን ስኮላርሺፕ የሚለው ቃል ሰውን ያሳስታል ባይ ነኝ። እኛ ስኮላርሺፕ ስንል ጎበዝ ስለሆንክ እንካ የተባለ ስጦታ ነው የሚታየን። ይህኛው ቀብድ ነው። መንግሥት ወደፊት የሚሠራለትን ሰው ዛሬ ቀብድ ይዞ ያስቀምጠዋል። ቀብድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤት የተከራየ፣ ሠርግ የደገሰ ሁሉ ያውቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር እጥፉን ይመልስ ይላል። አሜሪካኖቹ እጥፍ አይጠይቁም፤ ያወጡትን ግን አይተዉም።

ውሉ የሚጠይቀው በጠቅላላው 8 ዓመት ነው። በምድር ጦሩ ስኮላርሺፕ የተለመደው ከተመረቁ በኋላ 4 ዓመት በመደበኛው ጦር፣ ቀሪው በተጠባባቂነት ነው። ስምንቱንም ዓመት በናሽናል ጋርድ (በየክፍለ ግዛቱ ጦር) ወይም በተጠባባቂ ጦር፣ ከሲቪል ሥራው ጎን መጨረስ የሚቻልበት መንገድም አለ። የባሕር ኃይሉ 5 ዓመት መደበኛ አገልግሎት ይጠይቃል፤ አየር ኃይሉ 4 ቢልም አብራሪ ለሚሆን ሰው ከበረራ ሥልጠናው በኋላ 10 ይሆናል። ማሪን ለመሆን የሚፈልግ በባሕር ኃይሉ በኩል፣ ስፔስ ፎርስ (የጠፈር ኃይሉን) የሚፈልግ በአየር ኃይሉ በኩል ይገባል። እግረኛ፣ መድፈኛ፣ ሎጂስቲክስ የሚለውን ተማሪው ምርጫውን ያስገባል እንጂ የሚደለድለው ጦሩ ነው፤ ያን ጊዜ የክፍል ውጤቱም፣ የካምፕ ውጤቱም ይመዘናል።

ከውሉ ውስጥ አንድ መስመር አስምሩበት የምል ከሆነ መውጫ በሩን ነው። የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት በመንግሥት ገንዘብ ተምሮ፣ «አልሆነኝም» ብሎ ያለ ዕዳ መውጣት ይችላል። የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ሲጀምር በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጥሎ የወጣ ወይ የወጣበትን ገንዘብ ይከፍላል፣ ወይ በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ለእትዬ ያልኳቸው፣ ለልጅዎ ደውለው እልልታውን ለአንድ ዓመት አቆይው ይበሏት ነው። ልጁ በዚያ ዓመት ንጋት ላይ እየተነሳ ራሱን ይየው።

ይህን እያወራን ሳለ አንደኛው ተማሪ ትዕግሥቱ አለቀና «እኔ ከዚህ ሆኜ መሙላት እችላለሁ?» አለ። አይችልም። የአርኦቲሲን ውል የሚፈርመው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። በተማሪ ቪዛ የሄደ አይፈርምም። የሚገርመው ዲቪ ደርሶት ግሪን ካርድ የያዘም አይፈርምም፤ ግሪን ካርድ ይዞ ተራ ወታደር መሆን ይቻላል፣ በአርኦቲሲ መኮንን መሆን ግን አይቻልም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በተለመደው መንገድ ዜግነት ለመጠየቅ 5 ዓመት ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ፦ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከወላጆቹ አንዱ ዜግነት ካገኘ፣ ልጁም ግሪን ካርድ ይዞ ከዚያ ወላጅ ጋር የሚኖር ከሆነ፣ በዚያው ዜጋ ይሆናል። የእትዬ የልጅ ልጅ እንዲህ ነው የሆነው፤ እናቱ የዜግነት መሐላ የፈጸመችው እሱ አሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ ነው። የእኛ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ በአንዱ በር የገባ በሌላው መውጣቱን ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ፒያሳም ይሁን ሌላ ሰፈር «የአሜሪካ የመኮንንነት ስኮላርሺፕ አስጨርስልሃለሁ፣ የፎርም ይህን ያህል» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ማመልከቻው አይከፈልበትም፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርትም አይሞላም። የውጭ አገር ልጆች ዌስት ፖይንት የሚገቡበት ሕጋዊ መንገድ አለ፤ እሱ ግን በየመንግሥታቸው ታጭተው ነው፣ ተመርቀውም ለአገራቸው ጦር ይመለሳሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ60 መብለጥም አይችሉም።

ሁለተኛው ተማሪ እህቱ ቨርጂኒያ ኮሌጅ ገብታለች፣ ዜጋ ነች። «ሃይስኩል እያለች አላመለከተችም፤ አለፋት ማለት ነው?» አላለፋትም። የአራት ዓመቱ ስኮላርሺፕ ነው ከሃይስኩል የሚጠየቀው። ኮሌጅ ከገቡ በኋላ በዚያው ግቢ የሚሰጡ የሦስትና የሁለት ዓመት ስኮላርሺፖች አሉ። መንገዱ ቀላል ነው፦ የጦር ሳይንስ ክፍሉን ቢሮ አንኳኩታ ኮርሱን ትመዘገባለች። ስኮላርሺፕ ያልወሰደ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮርሶች ምንም ሳይፈርም መውሰድ ይችላል። አሠልጣኞቹ ያዩዋታል፣ እሷም እነሱን ታያለች። ሁለቱ ዓመታት ካመለጧትም በክረምት ፎርት ኖክስ በሚሰጥ መሠረታዊ ካምፕ ማካካስ ይቻላል። ኮሌጇ ፕሮግራሙ ከሌለው አጠገቧ ወዳለ ግቢ ሄዳ ትማራለች። ዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ የሚያውቀው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የምድር ጦሩም የአየር ኃይሉም አለው። ግን ልብ በሉ፣ በዚህ መንገድ ለሚገባ ሰው የነፃ ዓመት የሚባል የለም። ስኮላርሺፑን የፈረመች ዕለት ታስራለች።

ለመመረጥ ነጥቡ፣ ስፖርቱ፣ ቃለ መጠይቁ እንደሚታይ የታወቀ ነው። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ጤና ምርመራው ላይ ነው። ከ13 ዓመት ልደቱ በኋላ አስም የነበረበት ልጅ መጀመሪያ አይሆንም ይባላል፣ ከዚያ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ወላጆች ይህን ለመደበቅ ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ ተው፣ የሆስፒታል መዝገብ እዚያ አገር አይጠፋም።

የእትዬ ቡና ሲመጣ ለካ ዋናው ጉዳያቸው ገና ነበር። ልጃቸው ሌላ መልእክት አስከትላለች፦ «እማዬ፣ የትውልድ ቀንሽን በፈረንጅ አቆጣጠር ላኪልኝ፣ ለልጁ ፎርም ነው።» መኮንን የሚሆን ሰው የምስጢር ማኅደር እንዲያይ የሚፈቅድ ማጣሪያ ማለፍ አለበት፤ ቅጹም ባለፉት 7 ዓመታት ቅርበት የነበረውን የውጭ ዜጋ ሁሉ ይጠይቃል። በየእሁዱ በዋትስአፕ የሚመርቁት አያት የውጭ ዜጋ ናቸው።

«ቀኑንማ በምን አውቄ» አሉ እትዬ። «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ እናቴ አራስ ነበረች። ተኩሱ ከገነተ ልዑል ሲሰማ እኔን አቅፋ አልጋ ሥር ገባች ይላሉ።» ገነተ ልዑል ማለት በኋላ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ቤተ መንግሥት ነው፤ ሁለቱ ተማሪዎች ዛሬ የሚማሩበት ግቢ። «ክርስትና የተነሳሁት ግን አውቀዋለሁ፣ በሰማንያ ቀኔ፣ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት።»

ናፕኪን ላይ ቆጠርን። ከየካቲት 16 ቀን 1953 ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ፣ ኅዳር 26። አንደኛው ተማሪ ስልኩ ላይ ወደ ፈረንጅ መለሰው፦ ዲሴምበር 5፣ 1960። እትዬ ቁጥሩን ለልጃቸው ላኩና ስልኩን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። «ስልሳ ምናምን ዓመት ኖሬ» አሉ፣ «ልደቴን የነገረኝ የአሜሪካ ጦር ነው።»