ገዳ፦ በቦረና መሪ እንዴት ይወጣል?

ገዳ የኦሮሞ ሕዝብ ራሱን ሲያስተዳድርበት የኖረ፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው። መሪ ይወለዳል ወይስ ይሠራል ለሚለው ክርክር ሁነኛ መልስ አለው። ይሠራል፤ ያውም በአሥርት ዓመታት።

መነኩሴው አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. ኦሮሞዎች ንጉሥ እንደሌላቸውና ለስምንት ዓመት ለሉባ፣ ማለትም ተራው ደርሶ ሥልጣን ለያዘው ቡድን፣ እንደሚታዘዙ በግእዝ ጽፈዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ አካባቢ ንጉሣዊ መንግሥታት ሲነሡ ገዳ እዚያ ተዳከመ። ቦረና ላይ ግን ዘልቋል። ከአንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ ወዲህ በሰፊው የተጠናውም የቦረናው ነው።

ቦረና ውስጥ ወንድ ልጅ በተከታታይ የገዳ እርከኖች ያልፋል፤ ሲጀምር ደበሌ ነው። ፀጉሩ እንደ ሴት ልጅ ያድጋል። አይመታም፤ እናቱም ትከበራለች፣ ምርቃቷ ይፈለጋል። ጊዜው ሲደርስ በሥነ ሥርዓት ይላጭና ጋሜ ይባላል። ከብት ጥበቃው፣ ሩቅ ግጦሽ መውረዱ የዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ኩሳ ይሆናል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ የወደፊቱ አባ ገዳ፣ ማለትም የሥርዓቱ መሪ፣ እና ሸንጎው የሚመረጡት በኩሳ ዘመን ሲሆን፣ ሥልጣን የሚረከቡት ግን ስድስተኛው እርከን ላይ ሲደርሱ ነው። የተመረጠው ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ሕዝብ እያየው ሕግ፣ ታሪክና ዳኝነት ይማራል። እንዲህ ያለ የሥራ ላይ ሥልጠና ያለው የትኛው ዘመናዊ መንግሥት ነው?

ትውልድ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። የልጅ እርከን የሚቆጠረው ከአባቱ ነው፤ በመካከላቸው አምስት እርከን፣ ማለትም 40 ዓመት አለ። ስለዚህ ሸምግሎም ዝቅ ያለ እርከን ላይ የሚገኝ ሰው አይጠፋም። የሃይማኖት መሪው ቃሉም ቦታውን በዘር ይወርሳል። ስመ ጥር ቤተሰብ ለምርጫው ሳይጠቅም አይቀርም። አባ ገዳነት ግን ርስት አይደለም።

ከአባ ገዳው በላይ ደግሞ ጉሚ ጋዮ አለ። ይህ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕግ ያወጣል፣ ያሻሽላል፣ ሥልጣን ላይ ያሉትን ይገመግማል። ያጠፋ መሪ ዘመኑ ሳያልቅ ሊወርድ ይችላል።

ዩኔስኮ ገዳን በኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ እዚሁ አዲስ አበባ ባካሄደው ስብሰባ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ የሚገባው ክብር ነው።

ሴቶች ለአባ ገዳነት አይመረጡም። ሲንቄ ይህን ያካክሳል የሚሉ አሉ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስታገባ የምትይዘው በትር ነው። ያገባች ሴት ስትበደል ጎረቤቶቿ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በዳዩም ይቅርታ እንዲጠይቅ ይደረጋል። መብት ማስከበሪያ መሆኑ አያከራክርም፤ የሸንጎ ወንበር ግን አይተካም።