የዓሣ ኮላጅን ፔፕታይድ ምንድን ነው? የስኳር ቁስልስ ያድናል?

ኮላጅን ቆዳን፣ ጅማትን፣ አጥንትን የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው፣ ሰውነታችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ሲሶ ያህሉ እሱ ነው። ሶስት ክር እንደ ገመድ ተገምዶ ነው የሚሰራው፣ ገመዱ እንዳለ 300 ሺህ ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ስለሚመዝን በቀጥታ ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ የዓሣው ቆዳና ቅርፊት ይታጠብና በሙቀት ገመዱ ተፈቶ ጄላቲን ይሆናል፣ ከዛ በኢንዛይም ይቆራረጣል፣ ጥቂት ሺህ ዳልተን ብቻ የምትመዝነው ቁራጭ ናት ፔፕታይድ የምትባለው። ልዩነቱ በአይን ይታያል፣ ጄላቲን ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ፔፕታይዱ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ሟሙቶ ይጠፋል።

ስትጠጡት አብዛኛው እንደማንኛውም ፕሮቲን ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት፣ ይሆናል። ግን ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን የሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የቀሩ ጥንዶች ሳይለያዩ ደም ውስጥ ይገኛሉ፣ ላብራቶሪ ላይ ደሞ ኮላጅን የሚሰሩትን ሴሎች፣ ፋይብሮብላስቶቹን፣ እንዲባዙ ሲቀሰቅሱ ታይቷል። ለኔ ነገሩን ሳቢ ያደረገው ይሄ ነው፣ ጥሬ እቃ ብቻ ሳይሆን መልእክተኛም ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ስኳር እንምጣ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል የማይጠግገው ኮላጅን አልቆበት አይደለም። ደም ውስጥ የበዛው ስኳር ኮላጅኑ ላይ እየተጣበቀ ያደነድነዋል፣ ቁስሉ ውስጥ ኮላጅን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ከልክ በላይ ስለሚበዙ አዲስ የተሰራው ሳይጠና ይፈርሳል፣ ደም ስሩ ስለጠበበ ኦክስጅን በደንብ አይደርስም፣ ነርቩ ደሞ ስለደነዘዘ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ እግሩን ስትበላው ውላ ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው የሚያውቀው። ታዲያ በፔፕታይድ ዱቄት ብቻ ይሄ ሁሉ እንዴት ይስተካከላል?

ስኳር እንዲይዛቸው ተደርጎ ፔፕታይዱ በተሰጣቸው አይጦች ላይ ቁስሉ ቶሎ ሲዘጋና አዲስ ደም ስር ሲበቅል ታይቷል፣ ሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ገና ቀጭን ነው። ብዙ ሰው የሚያምታታው ደሞ ቁስል ላይ የሚለጠፈውን የዓሣ ቆዳ ነው፣ አይስላንድ ውስጥ ከኮድ ዓሣ የሚሰራውና የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2013 የፈቀደው። እሱ ሴሉ ወጥቶለት መዋቅሩ እንዳለ የቀረ ቆዳ ነው፣ የሚጠጣ ፔፕታይድ አይደለም፣ የአንዱ ውጤት ለሌላው አይቆጠርም።

እና እግሩ የቆሰለ ሰው መጀመሪያ ስኳሩን ያውርድ፣ ቁስሉን ያስጠርግ፣ እግሩ ላይ ጫና አያብዛ። ዱቄቱን ከዛ በላይ ልጨምር ካለ ኩላሊቱ ከተነካ ሀኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፣ ፕሮቲን ነውና፣ ዓሣ አለርጂ የሚሆንበት ደሞ ጭራሽ አይንካው።