ኮምፒውተርና ቲቪ ሲገናኙ፦ ድሬዳዋ ላይ የሚወራውና እውነታው

ሞኒተሩ የሞተበት ሰው አዲስ ከመግዛቱ በፊት ዓይኑ ሳሎን ወደተሰቀለው ቲቪ ይሄዳል። ትክክል ነው፤ ቲቪ ጥሩ ሞኒተር ይሆናል። ልጆች ትምህርታቸውን በትልቁ ያዩበታል፣ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ ፊልም ያይበታል፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣትም ሥራውን ለደንበኛው ያሳይበታል። ችግሩ ገመዱ ሳይገዛ የሚጎርፈው ምክር ነው። ጎረቤት አንድ ይላል፣ ታይዋን ገበያ ያለው ሻጭ ሌላ ይላል፤ ሰውም ወይ ፈርቶ ይተወዋል፣ ወይ የማይሠራ ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ምንም የማይጎዳው ነገር እየተፈራ፣ በእርግጥ ዕቃ የሚያቃጥለው ነገር እንደ ተራ መታየቱ ነው። ከእሱ ልጀምር።

«ሲፒዩው ሲነካ ቢነዝርም ችግር የለውም»

ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ለገሀሬም ሆነ መጋላ፣ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የሲፒዩውን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ብረት የነካ ብዙ ሰው ያንን ጣት ላይ ንዝር የሚል ስሜት ያውቀዋል። ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «አቦ፣ ሁሉም ሲፒዩ ይነዝራል፣ ተወው።»

ሁሉም አይነዝርም። ትክክለኛ ኧርዝ ባለው ሶኬት ላይ የተሰካ ጤነኛ ሲፒዩ አይነዝርም። በፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ መብራት በሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ከሁለቱም የመብራት መስመሮች ተነስተው ከሲፒዩው ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። በእነሱ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ በኧርዝ ሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ ታስቦ ነው የተሠሩት። ኧርዝ ከሌለ ኮረንቲው መውረጃ ያጣል፣ ብረቱም የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልት ይዞ ይቀመጣል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ይህ ወደ 110 ቮልት ይጠጋል ማለት ነው። የኮረንቲው መጠን በጣም ጥቂት በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ከመንዘር አያልፍም። የኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምጽ በአንድ ገመድ የሚያሳልፈው መሰኪያ) ቺፕ ግን በ5 ቮልትና ከዚያም በታች የሚሠራ ስስ ነገር ነው። ከሚነዝር ሲፒዩ የመጣ ገመድ ቲቪው ላይ ሲሰካ ልዩነቱ በገመዱ በኩል ሊያልፍና የአንዱን ወይም የሁለቱንም ቀዳዳ ሊገድል ይችላል።

ዲሹ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጣራ ላይ ያለው ዲሽ ከቆርቆሮውና ከብረት ምሰሶው ጋር ይነካካል፤ በራሱ ገመድ ከሪሲቨሩ፣ በሪሲቨሩም በኩል ከቲቪው ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ቲቪው ሳይታሰብ መሬት ይዞ፣ ሲፒዩው ግን ሳይዝ ሊገኝ ይችላል። ገመድ ሲሰካ ጠርዙ ላይ ብልጭታ ያየ ሰው ምናልባት ያየው ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ «ቲቪው ኮምፒውተሩን አቃጠለው» ተብሎ ይወራል።

ሲያገናኙ እንዲህ ያድርጉ። ሲፒዩውን፣ ቲቪውንና ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ በሪሞት ማጥፋት መንቀል አይደለም። የዲሹን ገመድም ከሪሲቨሩ ይፍቱ። ከዚያ ኤችዲኤምአዩን በሁለቱም ጫፍ ሰክተው ይጨርሱ። በመጨረሻ ሁሉንም ኧርዝ ባለው በአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። ግድግዳው ውስጥ የኧርዝ ሽቦ ከሌለ ባለ ኧርዝ ዲቫይደር መግዛት ብቻውን ምንም አይለውጥም፤ ሽቦው መኖሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል። ይህ ለኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ለምጣዱም፣ ለፍሪጁም፣ በእርጥብ እጁ ለሚነካው ልጅም ነው። ንዝረቱ ጠንክሮ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከካፓሲተር ያለፈ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል ዕቃውን ነቅለው ያስመርምሩ።

«ስታቢላይዘር አለኝ፣ ምንም አይነካኝም» የሚሉም አሉ። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክላል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ይኑርዎት። ኧርዝን ግን አይተካም።

«ቲቪ ትልቅ ስለሆነ ኮምፒውተሩን ይጫነዋል»

አይጫነውም። ቲቪው የራሱን መብራት ከራሱ ሶኬት ይወስዳል፤ ከኮምፒውተሩ የሚቀበለው የምስልና የድምጽ መረጃ ብቻ ነው። ለኮምፒውተሩ የስክሪኑ ኢንች ምንም ትርጉም የለውም፤ የሚቆጥረው ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸውን ትንንሽ ነጠብጣቦች ነው። ባለ 1920 በ1080 ሞኒተርና በዚያው መጠን የሚሠራ ባለ 43 ኢንች ቲቪ ለእሱ እኩል ሥራ ናቸው። ሸክም የሚጨምረው ብዙ ፒክስል ባለው በ4ኬ ቲቪ ላይ በሙሉ ጥራት ጌም ሲጫወቱ ነው፤ ያኔ ጥራቱን ከሴቲንግ ወደ 1920 በ1080 ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

«ጫፉ ከገባ ገመዱ ይሠራል»

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ሲፒዩ ከኋላው ያለው ብዙውን ጊዜ ቪጂኤ ነው፤ አይቢኤም በ1987 ያወጣው ባለ 15 ቀዳዳ መሰኪያ። ቪጂኤ ምስልን የሚልከው በአናሎግ ሲሆን ድምጽ ጨርሶ አይልክም። ኤችዲኤምአይ በ2002 መጨረሻ የመጣ ዲጂታል መንገድ ነው። ስለዚህ በአንድ ጫፉ ቪጂኤ በሌላው ኤችዲኤምአይ ያለበት፣ መሃሉ ላይ ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ ከሲፒዩ ወደ ቲቪ ምንም አያሳልፍም። የሚያስፈልገው አናሎጉን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ኮንቨርተር ነው፤ ኃይል ከዩኤስቢ የሚወስድና ለድምጽ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ኮንቨርተሩም አቅጣጫ አለው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዞሮ ቢሰካም አይሠራም። ሻጩን «ኮምፒውተሩ ቪጂኤ ነው፣ ቲቪው ኤችዲኤምአይ ነው» ብለው በግልጽ ይንገሩት። ከተቻለ ደግሞ ሱቁ ላይ አስሞክረው ይግዙ።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ቲቪውን ከኋላ ይዩት። ጥቂት ዓመታት ያስቆጠሩ ብዙ ጠፍጣፋ ቲቪዎች የራሳቸው የቪጂኤ መሰኪያ አላቸው፤ አጠገቡ «ፒሲ» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ያ ካለ ከሞተው ሞኒተር የተረፈው ተራ የቪጂኤ ገመድ ይበቃዎታል፤ ለድምጽ ደግሞ አንድ የኦዲዮ ገመድ ይጨምራሉ። ያለ ፍላጎቱ ኮንቨርተር የገዛ ሰው ሳይ ያናድደኛል።

ሲፒዩው ላይ ዲቪአይ የሚባለው ሌላ የምስል መሰኪያ ካለ ነገሩ ይቀላል፤ ዲጂታል የሆነው ዲቪአይ በርካሽ ገመድ ወደ ኤችዲኤምአይ ይገባል። ድምጹ መምጣት አለመምጣቱ ግን እንደ ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚያዘጋጀው ክፍል) ነው።

«ቲቪው ዩኤስቢ አለው፣ በዩኤስቢ እናገናኘው»

የቲቪ ዩኤስቢ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ለማንበብ የተሠራ ነው፤ ከኮምፒውተር ምስል አይቀበልም። ሁለት ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነ የዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ መሞከር ደግሞ ኃይል የሚሰጡ ሁለት መሣሪያዎችን ፊት ለፊት ማጋጠም ነው። አይሞክሩት።

«ምልክት የለም ካለ ቲቪው አይቀበልም ማለት ነው»

መጀመሪያ በሪሞቱ ገመዱ የገባበትን ቁጥር ይምረጡ፤ ኤችዲኤምአይ 1 እና 2 የተለያዩ ናቸው። ከዚያ ሲፒዩውን ከኋላ ይመልከቱ። ግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት ሲፒዩ ሁለት ቦታ መሰኪያ ይኖረዋል፦ ከላይ ከዩኤስቢዎቹ ጋር የተደረደረው የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ)፣ ዝቅ ብሎ በአግድም ያለው የካርዱ። ካርድ ሲኖር የማዘርቦርዱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ ስለዚህ ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው። ሞኒተርም አብሮ ካለ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው «P» የሚለውን ፊደል ይጫኑ፤ ምስሉን መድገም፣ ማስፋት ወይም ወደ ሁለተኛው ስክሪን ብቻ መላክ የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ።

ድምጹ በሲፒዩው ስፒከር ብቻ ከወጣ የተበላሸ ነገር የለም። ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድምጽ ምልክት ተጭነው የቲቪውን ስም ይምረጡ።

«ውዱ ገመድ ምስሉን ያጠራዋል»

በወርቅ የተለበጠ ጫፍ ዝገት ይቋቋማል እንጂ ቀለም አያደምቅም። የኤችዲኤምአይ መረጃ ዲጂታል ነው፤ ከደረሰ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል፣ ካልደረሰ ነጭ ነጠብጣብ ይረጫል ወይም ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ምስሉ ገረጣ ብለው ገመድ አይቀይሩ፤ ጉዳዩ የሴቲንግ ነው። ልዩነት የሚያመጣው ርዝመቱ ነው። 2 ወይም 3 ሜትር ርካሽ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይሠራል፤ ከ10 ሜትር ሲያልፍ ግን ተራ ገመድ ይደክማል። 4ኬን በሰከንድ 60 ጊዜ ለማሳየት በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ገመድ ስለሚያስፈልግ ለዚያ ብቻ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ያዋጣል።

«ቲቪው ትልቅ ስለሆነ ጽሑፉ ይጠራል»

ተቃራኒው ይሆናል። ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ቲቪዎች ያላቸው 1366 በ768 ፒክስል፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ባለ 24 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ሞኒተር ሁለት ሚሊዮን አለው። ትንሹ ሞኒተር ከትልቁ ቲቪ እጥፍ ዝርዝር ያሳያል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቲቪ ከኮምፒውተሩ 1920 በ1080 ቢላክለትም ይቀበላል፤ ነገር ግን ራሱ አሳንሶ ስለሚያሳየው ፊደሉ ይደበዝዛል። ሴቲንጉን ወደ 1366 በ768 ወይም ወደ 1360 በ768 ሲመልሱት የአማርኛ ፊደላት እንኳ፣ «ጸ» ከ«ጻ»፣ «ቀ» ከ«ቃ» መለየት ይጀምራሉ።

ሌላው የተለመደ ቅሬታ የስክሪኑ ጠርዝ መቆረጡ ነው፤ ከታች ያለው የዊንዶውስ መስመር ግማሹ አይታይም። ሰው ይህን የኮምፒውተሩ ችግር አድርጎ ያየዋል። መነሻው ግን ሆዳሙ የድሮ ቲቪ ዘመን ነው። ያኔ የምስሉ ጠርዝ የተዝረከረከ ስለነበር አምራቾች ሆን ብለው ጥቂት አጉልተው ጠርዙን ይደብቁት ነበር፤ ልማዱ ጠፍጣፋው ላይም ቀጠለ። በቲቪው ሴቲንግ፣ የምስል መጠን በሚለው ውስጥ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» የሚል ያገኛሉ፤ እሱን ሲመርጡ ጠርዙ ይመለሳል።

ፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ከታየ «ሻርፕነስ» የሚለውን ወደ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ያድርጉት። ቲቪው የሚፈቅድ ከሆነ የዚያን ኤችዲኤምአይ ስም ወደ «ፒሲ» ይቀይሩ፤ በብዙ ቲቪዎች ይህ ብቻውን ቀለም ያለበትን ጽሑፍ ያጠራዋል። ማውሱ እጅዎን ተከትሎ የሚዘገይ ከመሰለ «ጌም» የሚለው ሁነታ መዘግየቱን ይቀንሳል።

ሆዳሙን ቲቪ ራሱን መጠቀም የሚፈልግም አለ። ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ባለው ኮንቨርተር ፊልም ይታይበታል፤ ጽሑፍ ግን አይነበብበትም።

«ኢንተርኔት ከሌለ ወይም ስማርት ቲቪ ካልሆነ አይሆንም»

በገመድ ለማገናኘት ኢንተርኔትም፣ ስማርት መሆንም አያስፈልግም። በዋይፋይ ያለ ገመድ መላክም ቢሆን፣ ቲቪው የሚቀበል ከሆነ፣ ዳታ ሳይገዙ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩና ቲቪው እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ብዙ ዴስክቶፖች ግን የዋይፋይ መቀበያ ስለሌላቸው ለየብቻ መግዛት ይጠይቃል። ለዴስክቶፕ ገመድ ይሻላል።

«ሲፒዩውን ቡፌው ውስጥ እንደብቀው»

ቲቪው ሳሎን ስለሆነ ሲፒዩው እንዳይታይ ቡፌ ውስጥ ተከቶ በሩ ይዘጋበታል። ደጋ ቢሆን ትንሽ ይታገሳል። በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ድሬዳዋ ግን ሲፒዩው የሚስበው አየር ገና ከመጀመሪያው ሙቅ ነው፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ያንኑ የተፋውን አየር መልሶ ይስባል። መጀመሪያ ፋኑ ይጮኻል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በመጨረሻ በፊልሙ መሃል ይጠፋል። የቡፌው በር ክፍት ይሁን፣ ወይም ሲፒዩው ከኋላው አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ኖሮት ከቡፌው ጎን ይቀመጥ። የ3 ሜትር ገመድ ለዚህ ይበቃል። የከተማችን አቧራ የአየር ቀዳዳዎቹን ቶሎ ስለሚደፍንም ሲፒዩውን ነቅሎ በየጊዜው በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል።