ተቀብለውናል፣ ግን የቱ ጋ እንግባ? ኮሌጅ ስትመርጡ የምትሰሟቸው የተሳሳቱ ምክሮች

ማመልከቻ ስትልኩ የሚመዝነው ኮሌጁ ነበር። የመቀበያ ደብዳቤዎቹ ከገቡ በኋላ ግን መዛኞቹ እናንተ ናችሁ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ኮሌጆች መልሳችሁን የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ብዙዎቹ ውሳኔዎች ተጠቃለው የሚወጡት በማርች መጨረሻ ስለሆነ፣ ለማሰብ የሚቀራችሁ አንድ ወር ገደማ ነው። በዚያ ወር ዘመድ ወዳጁ ሁሉ መካሪ ይሆናል። ምክሩ ከልብ ነው፤ ከፊሉ ግን ገንዘብ የሚያስበላ ስህተት ነው።

«ስሙ የገነነው ይሻላል»

ይህን የማይል ዘመድ የለም። «ልጅሽ የት ገባች?» ሲባል ስሙ ብቻ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ኮሌጅ ማን ይጠላል? ችግሩ፣ ስም ከተመረቁ በኋላ ገቢ ላይ ስንት ይጨምራል የሚለው ጥያቄ ተጠንቷል፤ መልሱም ዘመድ እንደሚያስበው አይደለም።

የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ1976 ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎችን ተመልክተዋል። ብልሃታቸው ንጽጽሩ ላይ ነው። ተመሳሳይ ኮሌጆች የተቀበሏቸውን፣ ግን የተለያየ ቦታ የመረጡትን ልጆች ነው ጎን ለጎን ያስቀመጡት። ልክ እንደ እናንተ ምርጫ የነበራቸውን ማለት ነው። ለአብዛኞቹ፣ ከአመልካቾቹ ጥቂቱን ብቻ የሚቀበል ኮሌጅ መግባታቸው በኋላ ገቢያቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ጎበዝ ልጅ የትም ቢማር ጎበዝ ነው።

ጥናቱን የሚጠቅሱ ሰዎች ግን ግማሹን ይዘሉታል። ዝቅተኛ ገቢ ካለው ቤተሰብ የመጡ ልጆች ከትልቁ ስም ተጠቅመዋል። በተከታዩ ጥናትም ጥቁር እና ሂስፓኒክ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ወላጆቻቸው ብዙም ያልተማሩ ልጆች ጥቅሙ ታይቶባቸዋል። ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲ እና ባልደረቦቹ በ2023 ስምንቱን የአይቪ ሊግ ኮሌጆች (እነ ሃርቫርድንና ዬልን)፣ ስታንፎርድን፣ ኤም.አይ.ቲን፣ ዱክን እና ቺካጎን ከታላላቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አነጻጽረዋል። አማካይ ገቢ ላይ ብዙ ልዩነት የለም። ከአገሪቱ ከፍተኛ ተከፋዮች 1 በመቶ ውስጥ የመግባት ዕድል ግን በግማሽ ያህል ይጨምራል።

እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው። ከነዚያ አሥራ ሁለቱ አንዱ ከተቀበላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ኮሌጅ ስትገቡ የመጀመሪያዎቹ ከሆናችሁና ዋጋውም ከተቀራረበ፣ ለስሙ ክብደት ስጡት። በደረጃ ሰንጠረዥ 45ኛ እና 70ኛ በሆኑት መካከል ግን ስም ብላችሁ አንድ ዶላር አትጨምሩ። ሰንጠረዡ ራሱ ኮሌጆች በሚልኩት መረጃ ላይ የቆመ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዩ.ኤስ. ኒውስ ዝርዝር 2ኛ ነበር። በ2022 የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር የተላከው ቁጥር ልክ አይደለም ብሎ ጻፈ፤ ዩኒቨርሲቲውም ስህተት እንደነበረበት አመነ። በዚያው ዓመት ወደ 18ኛ ወረደ። ተማሪው ያው፣ መምህሩ ያው፣ ክፍሉ ያው ነው።

«ብዙ ስኮላርሺፕ የሰጠው ይረክሳል»

በጣም የሚያስቆጨኝ ይኼኛው ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ሁለት ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ አለ እንበል። የመጀመሪያው ኮሌጅ የዓመት ጠቅላላ ወጪው 74,000 ዶላር ነው፤ ትዩሽን፣ ዶርም፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ ሁሉም ተደምሮ። ስኮላርሺፕ 46,000 ሰጥቷል። ሥሩ ደግሞ 5,500 የተማሪ ሎን፣ 2,500 ዎርክ ስተዲ፣ 20,000 ፓረንት ፕላስ ተደርድሯል። መጨረሻው መስመር ላይ «ቀሪ ክፍያ፦ 0» ይላል። ሁለተኛው ኮሌጅ ወጪው 31,000 ነው፤ የሰጠው 11,000 ብቻ። ቀሪው 20,000 ተብሎ በግልጽ ተጽፏል።

ቤተሰቡ የመጀመሪያውን አይቶ እልል ይላል። ግን ሎን ብድር ነው። ፓረንት ፕላስም ብድር ነው፤ ያውም በወላጅ ስም የሚመዘገብ። ዎርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ ካልሠራ የለም። ከወጪው ላይ የሚቀነሰው የማይመለሰው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ስኮላርሺፕ እና ግራንት። እንደዚያ ሲሰላ የመጀመሪያው ኮሌጅ በዓመት 28,000፣ ሁለተኛው 20,000 ያስወጣል። በአራት ዓመት 32,000 ዶላር ልዩነት። 46,000 የሰጠው ኮሌጅ ነው ውዱ።

ሌላም አለ። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ፓረንት ፕላስ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር እንዳያልፍ በሕግ ተወስኗል። በየዓመቱ 20,000 የሚበደር ወላጅ ሦስተኛውን ዓመት ሲጨርስ 60,000 ላይ ደርሷል። ለአራተኛው ዓመት የሚቀረው 5,000 ነው። ይህን ደብዳቤው አይነግራችሁም።

ደብዳቤዎቹ ግራ ካጋቧችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት የሆነው ጂ.ኤ.ኦ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ 91 በመቶ ያህሉ ኮሌጆች ተማሪው በእርግጥ የሚከፍለውን ወይ አይጽፉትም፣ ወይ አሳንሰው ይጽፉታል። ስለዚህ የራሳችሁን ሠንጠረዥ ሥሩ። ለየኮሌጁ ሁለት ነገር ጨምሩበት። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ እንዲታደስ ስንት ጂ.ፒ.ኤ. ይጠይቃል? ኢንጂነሪንግ እየተማሩ 3.5 መያዝ ቀልድ አይደለም። ትዩሽን ሲጨምር ስኮላርሺፑም ይጨምራል ወይስ ባለበት ይቆማል? አብዛኛው ባለበት ይቆማል።

«ፉል ስኮላርሺፕ ማለት ሁሉም ተከፈለ ማለት ነው»

በተለይ ከውጭ አገር በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የምትመጡ ይህን ልብ በሉ። «ፉል ትዩሽን» የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ይሸፍናል። ዶርም፣ ምግብ፣ የጤና ኢንሹራንስ እና የአውሮፕላን ትኬት በእናንተ ነው። «ፉል ራይድ» ሲባል ነው ማደሪያና ምግብም የሚገባበት፤ እሱም ቢሆን ዝርዝሩን አንብቡ። ጎዶሎውን ሠርቼ እሞላዋለሁ ማለት አያዋጣም። ትምህርት ባለበት ጊዜ የኤፍ-1 ተማሪ መሥራት የሚችለው ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የፌዴራል መንግሥት ዕርዳታና ብድርም አያገኝም።

«የሰጡህን ተቀበል፣ መጨቅጨቅ ነውር ነው»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ የቤተሰቡ ሁኔታ ሲለወጥ ስሌቱን እንደገና የማየት ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል ዕርዳታ ማመልከቻው፣ የሚያየው ደግሞ የሁለት ዓመት አሮጌ የታክስ መረጃ ነው። በ2026 መኸር ለሚገባ ልጅ የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ሥራ ለቅቆ ወይም እናት ታማ ከሆነ ቢሮው በምን ያውቃል?

አንድ ገጽ ጻፉ። ምን ተለወጠ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በስንት ዶላር። ማስረጃውን አያይዙ። ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ሰጥቶ ከሆነ ደብዳቤውንም ጨምሩ። ልመና አይደለም፣ ቁጣም አይደለም። እምቢ ቢሉ መቀበላችሁን አይሰርዙባችሁም። እና እባካችሁ፣ ኤፕሪል 29 ላይ አትጻፉ።

«ሜጀሩን ገብቼ እቀይራለሁ»

ሜጀር፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፍ፣ መቀየሩስ ብዙ ሰው ይቀይራል። በፌዴራል መረጃ መሠረት ባችለር ዲግሪ ከሚጀምሩት ሲሶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ሜጀር ይለውጣሉ። ግን ሁሉም በር አይከፈትም። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ነርሲንግ እና ኢንጂነሪንግ በብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ አላቸው። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላችሁ ማለት ዲፓርትመንቱ ተቀበላችሁ ማለት አይደለም። ደብዳቤያችሁ ላይ ሜጀሩ ተጽፏል ወይስ «አንዲክሌርድ» (ገና ያልተመረጠ) ይላል? ለዲፓርትመንቱ ኢሜይል ላኩና ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሆነው ወደዚያ ሜጀር ለመግባት ካመለከቱት ስንቱን እንደተቀበሉ ጠይቁ። በቁጥር ካልመለሱ፣ እሱም መልስ ነው።

ፕሪ-ሜድ፣ ማለትም ለሕክምና ትምህርት ቤት መዘጋጃው፣ ደግሞ አብዛኛው ቦታ ሜጀር አይደለም። የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የፊዚክስ ኮርሶቹ እስከተወሰዱ ድረስ የፈለጉትን ሜጀር ይዞ ለሜዲካል ስኩል ማመልከት ይቻላል። ዶክተር ለመሆን ያሰበ ልጅ ትልቁ ዕዳ ከፊቱ ነው፤ በባችለሩ ዕዳ ውስጥ ለመግባት ባይቸኩል ጥሩ ነው።

«ኮሌጅ አራት ዓመት ነው»

በካታሎጉ ላይ፣ አዎ። መንግሥት የምረቃ መጠን ሲቆጥር ግን የሚሰጠው ስድስት ዓመት ነው፤ በስድስት ዓመትም የሚጨርሱት በአገር ደረጃ 64 በመቶ ገደማ ናቸው። አምስተኛ ዓመት ሲመጣ ስኮላርሺፑ ብዙ ጊዜ አልቋል። ኮሌጆች «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ፤ ክፍል ቢ ላይ በአራት ዓመት ስንት እንደተመረቁ አለ። ከኮሌጁ ስም ጋር ጉግል ላይ ፈልጉት።

«ሁለቱም ጋ ዲፖዚት ከፍዬ ቆይቼ እወስናለሁ»

ዲፖዚት ቦታ ማስያዣ ክፍያ ነው፤ ሁለት ቦታ መክፈል አይደረግም። የሌላ ልጅ ወንበር መያዝ ነው፤ ከታወቀም ኮሌጆቹ ቦታውን ሊነጥቁ ይችላሉ። ዲፖዚቱም ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ለየት ይላል። አንዱ ጋ ከፍላችሁ የሌላውን ዌይትሊስት መጠበቅ ይፈቀዳል። ዕድሉን ለማወቅ እዚያው ኮመን ዳታ ሴት ላይ ክፍል ሲን ተመልከቱ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ወረፋ ላይ እንደቆየና ስንቱ እንደተጠራ ተጽፏል። አንዳንድ ዓመት ዜሮ ነው። ከተጠራችሁም ለመልስ የሚሰጧችሁ ጥቂት ቀን ነው፣ የኤይድ ገንዘቡም ተመናምኖ ሊሆን ይችላል። በደስታ ወዲያው እሺ አትበሉ። የኤይድ ደብዳቤውን በጽሑፍ ጠይቁና ሠንጠረዣችሁ ላይ አስገቡት።