የካንሰር ሕክምና በጎንደር

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ለካንሰር ሕመምተኛ ዋናው መታከሚያ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከደባርቅና ከዳባት፣ ከጭልጋ፣ ከመተማና ከቋራ፣ ከደምቢያና ከበለሳ በሪፈራል ወረቀት የሚላክ ሕመምተኛ ወደዚህ ይመጣል። ሆስፒታሉ የሚያገለግለው ሕዝብ በአንዳንድ ጽሑፎች 7 ሚሊዮን፣ በሌሎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ተብሎ ይገኛል፤ ልዩነቱ የትኞቹ ዞኖች ተካተው እንደተቆጠሩ ነው። ከዚህ በላይ ያለው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ ነው።

ሆስፒታሉ ያለበትን ዩኒቨርሲቲ አመሠራረት ያላወቀ፣ የካንሰር ሕክምና ለምን ጎንደር ላይ መተከል እንዳለበት ሙሉ በሙሉ አይረዳም። በ1945 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። የሟቾቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ 7,000 ገደማ ተብሎ ይጠቀሳል፤ ይሁንና በየመንደሩ የተቀበረውን ሁሉ የመዘገበ አልነበረም። መሬቱ ለም፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ሐኪም ግን የለም። ከዚያ እልቂት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር ሆኖ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ። ኮሌጁ ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ነበር። ሦስቱም በአንድ ቡድን ተሰልፈው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር፤ ጤና መኮንኑ ሲያክም፣ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ስትከታተል፣ ሳኒታሪያኑ የምንጭ ውኃና የመጸዳጃ ነገር ይይዝ ነበር። የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የዚህ የመስክ ሥልጠና ስመ ጥር ቦታ ነው። በየአውራጃው ጤና ጣቢያ የከፈቱትና ያስተዳደሩት አብዛኞቹ የጎንደር ኮሌጅ ምሩቃን ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሕመምተኛው እስኪመጣ የማይጠብቅ፣ ወዳለበት የሚሄድ ሕክምና በዚህች አገር ሥርዓት ይዞ የተጀመረው እዚህ ነው።

የሆስፒታሉ ቀደምት ሕንፃዎች በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የሕክምና ፋኩልቲው በ1970ዎቹ መባቻ በምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕሲኩ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተከፈተ፤ ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ካንሰር የብዙኃኑን ትኩረት ያገኘው ዘግይቶ ነው። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛር የሆስፒታሉን አልጋ ሁሉ ይዘውት ነበር። ቃሉም ራሱ ግራ ያጋባል፤ ሽማግሌዎች ካንሰርን ነቀርሳ ይሉታል፣ ቲቢም የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ስለዚህ አንዲት እናት ነቀርሳ ሲሏት የትኛውን እንደሆነ ላትለይ ትችላለች። ዛሬ በኢትዮጵያ በየዓመቱ 80,000 ገደማ አዳዲስ የካንሰር ሕመምተኞች እንደሚኖሩ ይገመታል። በሴቶች ላይ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። እዚያ ተራ መጠበቅ ወራትን ይወስድ ነበር። የጎንደር ገበሬ በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ግን የበሬው ገንዘብ በቤት ኪራይ ያልቃል፣ ዕጢውም ያድጋል።

የሕክምናው መነሻ ፓቶሎጂ ነው። ዕብጠቱ ካንሰር መሆኑ፣ ከሆነም ዓይነቱ የሚታወቀው በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ከተወሰደ ናሙና ነው። ጎንደር በዚህ ረገድ ከብዙ ክልል ከተሞች የተሻለች ናት፤ ዩኒቨርሲቲው የፓቶሎጂ ስፔሻሊስቶችን ራሱ ያሠለጥናል። ለጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይ መኖር አለመኖሩን የሚለየው ምርመራ ግን ውድ ኬሚካል ይፈልጋል፤ ያ ሲጠፋ ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው ባልተሟላ መረጃ ነው። ስለ ካንሰር ማዕከል ሲወራ ፓቶሎጂ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በእኔ አስተያየት ግን ገንዘብ ሲመደብ መቅደም ያለበት እርሱ ነው።

ሆስፒታሉ ኬሞቴራፒ፣ ማለትም ካንሰርን በመድኃኒት የማከም አገልግሎት፣ ይሰጣል፤ በባሕር ዳርም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል እንዲሁ። ኬሞቴራፒ አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ለወራት ስለሚሰጥ፣ መታከሚያው ለቤት መቅረቡ ሕክምናውን በመጨረስና በማቋረጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። በልጆች ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ሕክምናው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ እናቱ ሌሎቹን ልጆች ለጎረቤት ትታ ያን ያህል ጊዜ አዲስ አበባ ልትቀመጥ አትችልም።

የጨረር ሕክምናው ጉዳይ ሰፊ ነው። ከካንሰር ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ በሕክምናቸው ውስጥ በአንድ ወቅት ጨረር ያስፈልጋቸዋል። የጤና ሚኒስቴር አገልግሎቱን ከአዲስ አበባ ውጭ ለማስፋት ሲያቅድ ጎንደርን ከጅማ፣ ከሐረማያ፣ ከሐዋሳና ከመቀሌ ጋር መረጠ። ምርጫው ተገቢ ነው። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች በኮባልት 60 የሚሠሩ ነበሩ፤ የኮባልቱ ኃይል በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ምንጩ ባረጀ ቁጥር እያንዳንዱ ሕመምተኛ አልጋው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ተራውም እንዲሁ። አዲሱ መሣሪያ ሊኒየር አክስለሬተር ጨረሩን የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ነው። አያረጅም ማለት አይደለም፤ የማይዋዥቅ መብራት፣ የማያቋርጥ ማቀዝቀዣና መለዋወጫ ይፈልጋል። የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ጨረሩ በቀጥታ በሚያርፍበት በኩል ሁለት ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው፤ በሩም እንዲሁ ጨረር እንዳያሳልፍ ተደርጎ ይሠራል። እንዲህ ያለ ክፍል አንዴ ከተሠራ በኋላ ማስተካከል እጅግ ከባድ ስለሆነ ፕላኑ ከመሣሪያው ግዢ ጋር አብሮ መጠናት አለበት።

ከሕንፃውም የሚከብደው ሰው ማዘጋጀት ነው። የጨረር ኦንኮሎጂስቱ፣ ማለትም ካንሰርን በጨረር የሚያክመው ሐኪም፣ የጨረሩን መጠን ይወስናል፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ያሰላል፣ ይለካል፣ ቴክኖሎጂስቱ ሕመምተኛውን በየቀኑ በሚሊሜትር ልክ ያስተኛል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መሣሪያው አይከፈትም። ጤና መኮንንን፣ ነርስንና ሳኒታሪያንን በአንድ ቡድን ያሠለጠነ ተቋም ይህን ማድረግ አያቅተውም። ለማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ብቻውን አይበቃም፤ ምንጩን ወደ ዕጢው አስጠግቶ ከውስጥ የሚያክመው ብራኪቴራፒም አብሮ መኖር አለበት።

ይህ ካንሰር ግን ከመነሣቱ በፊት የሚያዝ ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በጤና ጣቢያ ደረጃ የማኅፀን በራቸው አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ ይታያል፤ ቅድመ ካንሰር ምልክት ከተገኘ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። በገጠሩ ግን ብዙዎቹ ሕመምተኞች ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ጠበል ይሞከራል፣ ባህላዊ መድኃኒትም። ጠበሉን ክፉ ማለት አይገባም፤ ብዙ ሕመምተኛ እምነቱንና ሕክምናውን አብሮ መያዝ ይችላል። ካህናቱ ወደ ሐኪም የላኩት ሰው ከማንም ምክር በላይ ቃላቸውን ይሰማል፤ አብያተ ክርስቲያናት በየኮረብታው ባሉባት ጎንደር ይህ ትልቅ አቅም ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ያለው ሕመምተኛ ሪፈራሉን ጠብቆ ከመጣ ወጪው ይቀልለታል፤ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሲያልቅ ግን ከውጭ መግዛት ግድ ይሆንበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የኬሞቴራፒ ቀጠሮ ያልፋል፤ ያለፈ ዙር ደግሞ የሕክምናውን ውጤት ይጎዳል። የማረፊያም ችግር አለ፤ ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለአምስትና ስድስት ሳምንታት ይወሰዳል። ከቋራ የመጣ ሕመምተኛና አስታማሚው በየቀኑ ሊመላለሱ አይችሉም። በአዲስ አበባ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር ከክልል ለሚመጡ ሕመምተኞች ማደሪያና ምግብ ያቀርባል። ለጎንደርም በሆስፒታሉ አቅራቢያ አልጋና ወጥ ቤት ያለው እንዲህ ያለ ቤት ከጨረር ክፍሉ እኩል ታስቦ መሠራት ይኖርበታል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ያድራል፣ የሌለው የሚያድርበት ያስፈልገዋል።