«አክስት ጀማይማ» እና የአሜሪካ የማስታወቂያ የምግብ መጽሐፍት

ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የአሜሪካ ምግብ አምራቾች ዱቄታቸውን፣ ጄላቲናቸውንና ካካዋቸውን ለማሻሻጥ ትንንሽ የምግብ አሠራር መጽሐፍት እያሳተሙ በነፃ ወይም በጥቂት ሳንቲም ያድሉ ነበር። አሠራሩ ተራ ነው፤ ይህን ያህል ኩባያ ዱቄት፣ ይህን ያህል ማንኪያ ስኳር። ሥዕሉ ግን ሌላ ያወራል። ሻሽ ያሰረች፣ ደልደል ያለች፣ ፈገግታ የማይለያት ጥቁር ሴት ሳህን ይዛ ቆማለች፤ የሚበሉት ነጮች ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ስሟ የገነነው «አክስት ጀማይማ» ናት። እ.ኤ.አ. በ1889 በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ጆሴፍ ከተማ፣ ክሪስ ረትና ቻርለስ አንደርዉድ የተባሉ ነጭ ባለወፍጮዎች ማቡኪያው አብሮ የተቀላቀለ የፓንኬክ ዱቄት አወጡ። ረት ስሙን ያገኘው ተዋንያን ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁሮች ከሚያላግጡበት የመድረክ ትርኢት ነው። «አክስት» የሚለው አያሳስት። እኛ «እትዬ» ወይም «እማማ» ስንል እያከበርን ነው፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ግን ነጮች ጥቁሯን «ሚስስ» (ወይዘሮ) ብለው ላለመጥራት ያበጁት ማምለጫ ነበር። ወንዱም «አጎት» ይባል ነበር፤ «አንክል ቤን» («አጎት ቤን») የተባለው የሩዝ ምርት ስምም ከዚያው የመጣ ነው።

የወፍጮ ቤቱ አዲስ ባለቤት በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ገጸ ባሕርይዋን በሰው አቀረባት። የተቀጠረችው በኬንተኪ በባርነት የተወለደችው ናንሲ ግሪን ነበረች። ፓንኬክ እየጋገረች ስለ ጥንቱ እርሻ ቤት «ደግ ዘመን» ታወራ ነበር። በዚያው ኤግዚቢሽን የጥቁሮች መብት ታጋዮቹ ፍሬድሪክ ዳግላስና አይዳ ቢ. ዌልስ ጥቁሮች ለምን ከዝግጅቱ እንደተገለሉ የሚጠይቅ ጽሑፍ ያሰራጩ ነበር።

ማስታወቂያዎቹ ጥቁር ገጸ ባሕርያቱን ሆን ተብሎ የተሰባበረ እንግሊዝኛም ያናግሯቸዋል፤ ጀማይማ «አይዝ ኢን ታውን፣ ሃኒ» («ከተማ መጥቻለሁ፣ ማሬ» ለማለት) ትላለች። የ«ክሪም ኦፍ ዊት» ገንፎ ወጥ ቤት ራስተስም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቫይታሚን ምን እንደሆነ እንደማያውቅ የሚናገር ሰሌዳ ይዞ ይታያል። ሙያ አላቸው፣ ዕውቀት ግን የላቸውም ለማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የባለቤትነቱ ነገር ነው። የሁለት ነጮች የዱቄት ቅልቅል፣ ኖራ የማታውቅ ጥቁር ሴት ምስጢር ተብሎ ተሸጠ። በእውነት የነበረችው ጥቁር የምግብ ባለሙያ ማሊንዳ ራስል በ1866 በሚሺገን የራሷን የምግብ መጽሐፍ አሳትማ ነበር፤ እሷን የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው።

የ«አክስት ጀማይማ» ምርት ባለቤት የሆነው ኩባንያ ስሙንና ምስሉን እንደሚተው ያስታወቀው በ2020 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ካርቶኑ ላይ የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት ስም፣ «ፐርል ሚሊንግ ካምፓኒ»፣ ተተካ። ናንሲ ግሪን በ1923 በቺካጎ በመኪና አደጋ ሞታ የተቀበረችበት ቦታም የመቃብር ድንጋይ የቆመለት በዚያው በ2020 ነው።