እንጨት መፍለጫ በጎንደር፦ ከምሳር እስከ ማሽን

እንጨት ፈለጣ ወፍራም ግንድን በጅማቱ አቅጣጫ ሰንጥቆ ለማገዶ የሚሆን ፍልጥ ማውጣት ነው። መቁረጥና መፍለጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ መጋዝ ጅማቱን አቋርጦ ይበጥሳል፣ መፍለጫ ግን ጅማቱን ሳይበጥስ ግራና ቀኝ ይገፋዋል። መሣሪያ ለመምረጥ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ይህን ልዩነት ቢይዝ ሌላው ይቀለዋል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጀራ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ አረቄ ይወጣል፤ ጥር ሲገባ ደግሞ ጥምቀቱና ሠርጉ ተከታትሎ ይመጣል። ይህ ሁሉ ማገዶ ይበላል። የማገዶ ነገር ከከተማዋ ታሪክ ጋርም የተያያዘ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው በፊት ነገሥታቱ በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር፤ ለመንቀሳቀሳቸውም በሰፈሩበት አካባቢ የማገዶ እንጨት ማለቁ አንዱ ምክንያት እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሳሉ። ቤተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ አንድ ቦታ ሲጸና ማገዶ ፍለጋውም አንድ ዙሪያ ላይ ጸና። ዛሬ የጥንቱን ጽድና ወይራ በዕድሜው ገፍቶ ለማየት የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅጥር መግባት ያስፈልጋል፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ዙሪያ ያለው ዛፍ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ምድጃ ውስጥ የሚገባው እንግዲህ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ገበሬው እንደ ሰብል ይዞታል። ነጩ ባሕር ዛፍ ደጋውን ይወዳል፤ ቀዩ ቆላና ወይና ደጋውን ይችላል። ለፈለጣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነጩ ትኩስ ሳለ በአንድ ሁለት ምት ቀጥ ብሎ ይከፈላል። የቀዩ ጅማት ግን እንደ ሹሩባ የተጠላለፈ ስለሆነ ሽብልቁ ገብቶም ሁለቱ ግማሾች በክር በክር ተያይዘው ይቀራሉ። ሁለቱም ከደረቁ በኋላ ይብሳሉ። ስለዚህ ባሕር ዛፍ በተቆረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ መፈለጥ አለበት፤ «ይድረቅና እንፈልጠዋለን» ያለ ሰው ሥራውን በእጥፍ ከፍ አደረገው። ግንዱ ላይ ጉጥ ከበዛ ደግሞ ነጭም ሆነ ቀይ አስቸጋሪ ነው። ወይራ በራሱ ጠጣርና ከባድ ነው። ዋንዛ ይቀላል፣ ግን ለሣንቃና ለዕቃ የሚሆን ውድ እንጨት ስለሆነ እሱን ለማገዶ መፍለጥ ለእኔ ያሳዝነኛል።

በአብዛኛው ቤት አሁንም የሚሠራው መሣሪያ ምሳር ነው፤ እንደየሰዉ ፋስም መጥረቢያም ይባላል። ዛፍ ለመጣል የሚሆነው ስስ ምሳር ለፈለጣ አይመችም፤ ገብቶ ይቀረቀራል፣ ሰውየውም ለመንቀል ሲታገል ይውላል። የመፍለጫው ጉንጩ ሰፊ፣ ጀርባው ወፍራም፣ ክብደቱም ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ቢሆን ይመረጣል። ስለቱ ምላጭ መሆን የለበትም። ዛቢያው ጉጥ የሌለው ቀጥ ያለ እንጨት ይሁን፤ ራሱ የሚገባበትን ጫፍ በትንሽ ሽብልቅ ወጥሮ ማጥበቅ ግዴታ ነው፣ ሲወዛወዝ የተፈተለከ የምሳር ራስ ሰው ይገድላልና። ከምሳሩ ጎን ሁለት የብረት ሽብልቅና አንድ ትልቅ መዶሻ ካለ ምሳር ያቃተውን ግንድ በትዕግሥት መክፈት ይቻላል። አንዱ ሽብልቅ ስንጥቁን ያስይዛል፣ ሁለተኛው ትንሽ አልፎ ይገባና የመጀመሪያውን ነፃ ያወጣዋል።

ብረት ሥራው በጎንደር ዙሪያ ረጅም ታሪክ አለው። በደባርቅ መንገድ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች፤ ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን የሚያስቀጠቅጠው ከእነሱ ዘንድ ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984–85 እና በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል። ቀጥቃጭ ሲገኝ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተሠራ ምሳር ማሠራት ጥሩ ነው፤ ባሌስትራ በደንብ ውሃ ከጠጣ ከብዙው የሱቅ ምሳር ይልቅ ስለቱን ይይዛል።

አዘዞ መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ፈላጭ ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። ግንዱን በጉቶ ላይ አቆሙት እንጂ ወዲያው አልመቱትም። ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን ፊት ተመለከቱ፤ ከመሃል ወደ ልጡ የምትሄድ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። «ይቺን ነው የምፈልገው» አሉኝ በጥፍራቸው እያሳዩኝ። የመጀመሪያው ምት በዚያችው መስመር ዳር ላይ አረፈ፣ ሁለተኛውም እዚያው። ድም ድም ይል የነበረው ግንድ በሦስተኛው ጧ አለ፤ ፍልጡም ግራና ቀኝ ወደቀ። በጣም ወፍራም ግንድ ሲመጣ ደግሞ መሃሉን አልነኩትም፤ ዙሪያውን ከዳር ከዳር እየላጡ አሳነሱት። እኒህን ሰው ካየሁ በኋላ ማሽንን የምመዝነው በእሳቸው ሥራ ነው።

ማሽኑ የሚሠራው ያንኑ ነው፤ የሚለየው ዓይን ስለሌለው በኃይል መተካቱ ነው። የተለመደው ዓይነት በዘይት ግፊት የሚገፋ፣ ሃይድሮሊክ የሚባለው ነው። ሞተሩ ፖምፓውን ያዞራል፣ ፖምፓው ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ይገፋል፣ ፒስተኑ ግንዱን ከቆመ ሽብልቅ ጋር ያጋጫል። አንድ ምልልስ እንደ ማሽኑ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይፈጃል። ኃይሉ በቶን ይነገራል፤ ቶኑን ገዢው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የፒስተኑ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ፊቱ 78 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የዘይቱ ግፊት 200 ባር ከሆነ (አንድ ባር በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ያህል ግፊት ነው) ውጤቱ ወደ 16 ቶን ይጠጋል። በዚሁ ፒስተንና ግፊት «30 ቶን» ተብሎ የተጻፈበት ማሽን ከቀረበላችሁ ተለጣፊው ወረቀት እውነት አልተናገረም። በሚሽከረከር ከባድ የብረት መንኮራኩር ጉልበት የሚሠራ ሌላ ዓይነትም አለ፤ በሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈልጣል፣ ግን ቀዩን ባሕር ዛፍ ሲያገኝ ይንገጫገጫል። እንደ ቡሎን ጥርስ ያለውና እየዞረ ግንዱ ውስጥ የሚገባው ሾጣጣ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ቢሆንም ጓንትን፣ እጅጌን፣ ፎጣን ጠምልሎ ስለሚይዝ ለማንም ግዛ አልልም።

ለቤት የሚሸጡት የኤሌክትሪክ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ቶን ናቸው። ትኩስና ጉጥ የሌለው፣ ስፋቱ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ባሕር ዛፍ ይበቃቸዋል። የደረቀ ቀይ ባሕር ዛፍ ወይም 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወይራ ከሆነ ግን ከ20 ቶን በታች ማሰብ ራስን ማድከም ነው። የሚቀበሉትን የግንድ ርዝመት ሳይጠይቁ መግዛትም ስህተት ነው፤ ትናንሾቹ ከ37 ወይም ከ52 ሳንቲ ሜትር በላይ አያስገቡም።

ጎንደር ላይ የሚገዛ ሰው ሊያስበው የሚገባ፣ ሻጭ የማይነግረው ነገር አለ፤ ከፍታው። ቤንዚን ሞተር አየር ሲሳሳ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ያህል ያጣል። 2,100 ሜትር ላይ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ዳባት ወይም ደባርቅ ሲወጣ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ የሚበቃውን ሞተር እዚህ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መግዛት ያዋጣል፣ ካርቡሬተሩንም ለከፍታው ማስተካከል ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታው ይህን ያህል አይጎዳውም። የእሱ ችግር ሌላ ነው። 2,200 ዋት የሆነ ማሽን በ220 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ይሞቃል፣ ሞተሩም ኃይል አጥቶ ያቃስታል፤ ሽቦው ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። በዚያው መስመር የኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገረ ማሽኑ ቢነሳ ብሬከሩ መውረዱ አይቀርም።

አረቄ የምታወጣ አክስት አለችኝ። ጎረምሶቹ ከቤት ሲርቁ ብር አጠራቅማ 7 ቶን የኤሌክትሪክ መፍለጫ ገዛች። የሸጠላት ሰው ስለ አየር ማስተንፈሻዋ ቡሎን አንድ ቃል አልነገራትም። ይቺ ቡሎን ማሽኑ ሲጓጓዝ ዘይት እንዳይፈስ ትጠብቃለች፤ ሥራ ሲጀመር ግን ትንሽ መላላት አለባት፣ አለዚያ አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ ይበጥሳል። ሦስተኛው ግንድ ላይ ዘይቱ ግቢውን አለበሰው። ምትክ ጎሚኒ ለማግኘት ሳምንታት ፈጀባት፣ ለዚያውም ልኩ ከሌላ ማሽን ተፈልጎ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ስለ ቶኑ ከመጠየቅህ በፊት ጎሚኒና ቱቦ እዚሁ ከተማ ይገኝ እንደሆነ ጠይቅ። በየጋራዡ በብየዳ የሚሠራ፣ የመኪና ክሪክ የተገጠመለት በእጅ የሚገፋ መፍለጫ ቀርፋፋ ነው፤ ግን 10 ቶን ክሪክ ያለ መብራት ይሠራል፣ ሲበላሽም ጠጋኙ ቅርብ ነው። ብየዳውን ግን በደንብ ያዩት፣ የተሰበረ ክፈፍ በጭነት ላይ ይፈናጠራል።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ሕግ ከሁሉ ይቀድማል፤ ግንድ የሚያስቀምጠውም ማንሻውን የሚይዘውም አንድ ሰው ይሁን። አንዱ ግንዱን እየደገፈ ሌላው ሲገፋ ነው ብዙ ጣት የሚሄደው። ሁለት እጅ ካልያዘው የማይሠራ ማሽን ይመረጣል፤ አንዱን እጀታ በገመድ አስሮ «ማቅለል» እጅን ለማሽን መስጠት ነው። ግንዱ ሲነሳ ከሆዱ እንጂ ከጫፉና ከስንጥቁ አይያዝም። ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ የተቆረጡ ይሁኑ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ግንድ ይንሸራተታል። ጋቢና ፎጣ ወልቆ፣ ነጠላ ተቀምጦ፣ ዓይን በመነጽር ተሸፍኖ ይሠራ። ቱቦ ላይ የሚያፈስ ቀዳዳ በመዳፍ አይፈለግም፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ የደረሰበትም ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

የፍልጡ ውፍረት በሥራው ይወሰናል፤ ማሽን ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ይረሳል። ለእንጀራ ምጣድ ነበልባሉ ከሥር እኩል መሰራጨት ስላለበት ከእጅ አንጓ ያልወፈረ ፍልጥ ያስፈልጋል። አራት ክንፍ ያለው ሽብልቅ በአንድ ግፊት አራት ስለሚያወጣ ለዚህ ይመቻል፣ ቶኑ ግን ሊጨምር ይገባል። አረቄ ሲወጣ በተቃራኒው ዝግ ብሎ የሚነድ ወፍራም ፍልጥ ነው የሚፈለገው፤ እሳቱ ከበረታ የጋኑ ድፍድፍ ያራል። በሦስት ጉልቻ ፈንታ «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ማገዶው ወደ ግማሽ ስለሚወርድ፣ ማሽን ከመግዛቱ በፊት ስንት ሸክም እንደሚያስፈልገው እንደገና ይቁጠር።

ትኩስ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ወደ 20 ከመቶ ሲወርድ በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት በእጥፍ ይጠጋል፣ ጭሱም ይቀንሳል፤ ጭሱን የምትውጠው ደግሞ ምድጃ ፊት የምትቀመጠው እናት ናት። ጎንደር ላይ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚከብድ፣ በጥቅምትና በኅዳር የተፈለጠ እንጨት ሙሉ በጋውን ያገኛል። መሬት ላይ በቀጥታ አይደረደር፤ ሁለት አጠና ተጋድሞ በላዩ ላይ ነፋስ እንዲያልፍ ተራርቆ ይቀመጥ፣ የላይኛው ረድፍ ልጡ ወደ ሰማይ ይሁን። ጎኑ ክፍት፣ ጣራው ብቻ ክዳን ያለው ቦታ ከላስቲክ ይበልጣል፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ፍልጥ ይሻግታል።

ማን ይግዛ? በሳምንት አንድ ሁለት ሸክም የሚበቃው ቤት ጥሩ ምሳርና ሁለት ሽብልቅ ይዞ፣ ሲበዛበት ፈላጭ ቢጠራ ይሻለዋል። አረቄ የሚያወጡ ጎረቤታሞች፣ ዕድር፣ ወይም እንጨት በአይሱዙ እያስመጡ የሚሸጡ ወጣቶች ተዋጥተው አንድ 20 ቶን ማሽን ቢይዙ ዋጋውን ይመልሳል። ያኔም ማሽኑን የሚይዘው ሰው ከፈላጮቹ መካከል ቢመረጥ ደስ ይለኛል፤ ግንዱን በየትኛው ፊቱ ማስገባት እንዳለበት አስቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነውና።